እሱ ብቻውን የሚወድቅበት ዝላይ

በሕይወቴ ክፉ እንዲያገኘው ለምኜ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጀርመናዊ ነው። በአካል አይቼው አላውቅም፤ እሱም ማን እንደሆንኩ አያውቅም። የምጽፈው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው፤ ካርቱም ገና ካርቱም ሳለች።

እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ ለአንድ የጀርመን ቤተሰብ እሠራ ነበር። ሰውየው የውሃ መሐንዲስ ነው። ማዳም ደግ ሴት ነበረች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጾም ሲገባ ሥጋ ያልነካው ድስት ለብቻዬ ገዝታልኝ ነበር። ሴት ልጃቸውን የተረከብኳት ጥርስ ሳታበቅል ነው። ስትለየኝ የወተት ጥርሶቿን እያወለቀች ነበር። በመሀል ያለው ጊዜ ሁሉ በእኔ ጀርባና በእኔ ክንድ ላይ አለፈ።

አባቷ አንድ ጊዜ ከአገሩ ሲመለስ ባለ ጎማ ጫማ ይዞላት መጣ። የቤቱ በረንዳ ሰፊ ነው፤ ወለሉ ለስላሳ። በዚያ ፀሐይ ውጭ መጫወት ስለማይታሰብ በረንዳው ዓለሟ ሆነ። መጀመሪያ መቆም አልቻለችም። ሁለት እጇን ይዤ፣ እኔ ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ እሷን ወደ ፊት እጎትታታለሁ። ትንሽ ትቆይና “እማ፣ ልቀቂኝ” ትላለች። ስለቃት ደግሞ “እማ፣ ያዥኝ።” ከሰዓቱን እንዲህ እናሳልፋለን። እማ የምትለው እኔን ነው፤ እናቷን ማማ ትላታለች። ማዳም አትቀየምም ነበር።

የራሴ ልጅ በዚያው ዕድሜ እኛ በምንኖርበት በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ጎረቤት ዘንድ ትውል ነበር። ያንን እኔም አልረሳሁት፣ እሷም አልረሳችውም።

ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ ልጅቷ ጎማውን ትታ በረዶ ላይ መንሸራተት ያዘች። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ በስልክ ትደውልልኛለች፤ ፊቷን እያየሁ እናወራለን። አማርኛዋ የተለየችኝ ቀን እንደነበረው ቀረ፤ የሕፃን አማርኛ፣ መሀል መሀሉን ዓረብኛ የገባበት። ቁመቷ ግን በር ሞላ።

ኋላ ከአንድ ልጅ ጋር አጣመሯት። ጥንድ የሚባል ውድድር እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። ወንዱ ሴቷን ከራሱ በላይ ያነሳታል፣ በአንድ እጁ ይዟት ይሄዳል፣ ይወረውራታል። ከእግራቸው ሥር ያለው ደግሞ ቢላዋ ነው። መጀመሪያ ሳየው ስልኩን ጣልኩት። ከዚያ ለመድኩ። ለልጁ እጆች መጸለይ ጀመርኩ። በየቀኑ “እጁን አጽናልኝ” እላለሁ። ዓመታት ጸለይኩ። ሜዳሊያ አገኙ፤ ስልኩ ላይ አስጠግታ አሳየችኝ፤ ተመስገን አልኩ። እሱም አንዳንድ ጊዜ ከጀርባዋ ብቅ ብሎ እጁን ያውለበልብልኝ ነበር። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቅ።

አንድ እሁድ ስትደውል ክንዷ በጄሶ ተጠቅልሏል።

“እማ፣ እሱ እኔን ጣለኝ።”

ልምምድ ላይ ነው። ከላይ ሳለች ክንዱ ታጠፈ። ሰው ነውና እጁ ሊከዳው ይችላል፤ በዚህ አልቀየምኩም። “እግዚአብሔር ይማርሽ፣ እሱስ ደህና ነው?” ብዬ ጠየቅሁ። ደህና እንደሆነ ነገረችኝ።

ጄሶዋ ሳይፈታ ግን ሌላ ልጅ ይዞ ልምምድ ጀመረ። ትንሽዬ፣ ቀጭን፣ ገና ያላደገች። ለምን ብለው የጋዜጣ ሰዎች ጠየቁት። የድሮዋ አድጋለች፣ ከብዳኛለች አለ። ሰው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ።

ያን ቃል ልጅቷ ራሷ ናት የተረጎመችልኝ፤ እየሳቀች። ሳቋ ደስ አላለኝም። ከዚያ በኋላ በሚመጡት እሁዶች ፊቷ እየሾለ መጣ። “ምን በላሽ?” ስላት “በልቻለሁ” ትላለች። ምን እንደሆነ አትናገርም። አንድ ቀን ማዳም ስልኩን ከእሷ ተቀብላ ወደ ማድ ቤት ወሰደችውና በሩን ዘግታ አለቀሰች። ልጅቷ ምግብ ትታለች። ሳህኑ ፊት ትቀመጣለች፣ ታያለች፣ ትነሳለች።

ጾም አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜያለሁ። ሰው የሚጾመው ለፈጣሪው ነው። ያ ጾም አልነበረም። አንድ ሰው በአንድ ቃል ልጄን ከእግዚአብሔር ምግብ አጣላት።

የዚያን ዕለት ለእጆቹ መጸለይ አቆምኩ።

ዳዊት ላይ በጠላት ላይ የሚደገሙ መዝሙሮች አሉ። ስደግማቸው ኖሬያለሁ፤ ጠላት ግን አልነበረኝም፤ በአፌ ብቻ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ቃል ፊት አገኘ። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እደግማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ውሃ እንደ መጠጣት ነበር።

ቆይታ ልጅቷ መብላት ጀመረች፤ ተመስገን። በሐኪምም በእናቷም ብርታት ነው። ወደ በረዶውም ተመለሰች። አዲስ ጥንድ አገኘች፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጆሮው ትልልቅ። “እማ፣ እሱ ብዙ አያወራም” አለችኝ። “ጥሩ ነው፣ የሚያወራውን አይተናል” አልኳት።

ከዚያ ውድድሩ መጣ። አገሩን ወክሎ ወደ ዓለም ውድድር የሚላከው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ወይ የእኔ ልጅና ዝምተኛው፣ ወይ ያ ሰውና ትንሿ። ይህ ካመለጣት ታቆማለች፤ ነግራኛለች። “ካላለፍኩ ኸላስ” አለችኝ፤ በቃ ማለቷ ነው።

በሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ተሳልኩ። ጃንጥላ አገባለሁ አልኩ፤ ባለ ወርቀ ዘቦ። “ልጄን እንደ ጣላት፣ አንተም እሱን ሰው ሁሉ እያየ ጣልልኝ” አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም፤ ግን በከንፈሬ አውጥቼ። ስለት ደግሞ ከአፍ ከወጣ ወጣ ነው። እናቶቻችን እንዲህ ነው ያስተማሩን፤ ከቅዱሳን ጋር ቀልድ የለም፣ የተናገሩት ይደርሳል።

ቤት ስገባ የወለድኳት ልጄ ስልክ ይዛ ተጋድማለች። የእኔ ልጅ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ በዓረብኛ ላይ ይሄዳል፤ እኔን እንደ ሱዳኖቹ ዩማ ነው የምትለኝ። የተሳልኩትን ነገርኳት።

“ዩማ፣ ወላሂ አብደሻል! እሱ ሲወድቅ እሷስ?”

“ማን?”

“ይቺ!”

ቪዲዮ ከፈተችና አስያዘችኝ። ያ ሰው አዲሷን ልጅ ከራሱ በላይ ይዟታል። ከዚያ በፊት እሷን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም፤ የማየው እሱን ነበር። ጉልበቷ የሕፃን ጉልበት ነው። አፏን ግጥም አድርጋለች። ወለሉ ከታች ይሮጣል።

“አየሽ? አሁን ሚካኤል እሱን ቢጥለው ይቺ ናት የምትሞተው። እሱ ተነስቶ ሱሪውን ያራግፋል።”

ተቀመጥኩ። ልጄ ትክክል ናት። እኔ የማውቀው ብቻውን የሚወድቅን ሰው ነው፤ በሰው እጅ ላይ ያለችን ልጅ አላሰብኩም። የዚያችም እናት አለች። ምናልባት እሷም ለእነዚያው እጆች ትጸልይ ይሆናል።

ስለት አይመለስም፤ ቢያቀኑት ግን ኃጢአት የለውም ብዬ አሰብኩ። ለማቅናት ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እሁድ ልጅቷ ስትደውል ሰላምታውን ጨርሼ ጠየቅኋት።

“እስቲ ንገሪኝ፤ የምታደርጉትን ሁሉ በተራ ንገሪኝ።”

“ለምን፣ እማ?”

“ለማወቅ።”

ደስ አላት። ይህን ያህል ዓመት ስፖርቱን ጠይቄያት አላውቅም። አንድ በአንድ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማ፣ በእጆቿ እያሳየች ነገረችኝ። ማንሳት አለ። መወርወር አለ። እሱ መሀል ቆሞ እጇን ይዞ፣ እሷ በረዶው ላይ ተዘርግታ የምትዞርበት አለ። በሁሉም እሱ ይዟታል። በሁሉም ጉዳቱ የእሷ ነው።

“እሱ ለብቻው፣ አንቺ ለብቻሽ የምትሆኑበት የለም?”

“አለ። ጎን ለጎን ዝላይ። እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ። አንድ ላይ እንዘላለን፣ ግን አንነካካም።”

“እዚያ ላይ ወንዱ ቢወድቅ?”

“እሱ ብቻ ይወድቃል።” ከዚያ ወደ ስልኩ ቀረብ አለች። “እማ፣ ለምንድነው?”

“አልኩሽ እኮ፣ ለማወቅ ነው። ምሳ በላሽ?”

ስልኩ እንደ ተዘጋ ግድግዳዬ ላይ ባለው የሚካኤል ሥዕል ፊት ቆምኩ። “ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ በጎን ለጎኑ ዝላይ ላይ ይሁን። በሌላው ላይ እጁን ያዝለት፤ ትንሿን አትንካብኝ። በጎን ለጎኑ ላይ ግን አደራህን።” ጃንጥላውንም ደገምኩለት፤ እንዳይጠራጠር።

ውድድሩ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሐጅ ዩሱፍ መብራት አልነበረም። ከልጄ ጋር እዚህ ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሳጃና ሰፈር ሄድን፤ አንዲት የአገራችን ሴት እዚያ ቡና ቤት አላት፣ ቴሌቪዥኗም ትልቅ ነው። ቤቱ በአገራችን ልጆች ተሞልቷል፤ በቀን ሥራ የሚያድሩ፣ መንገድ ላይ ያሉ፣ ዛሬ ሊቢያ ነገ ጣሊያን የሚሉ። ኳስ ሊያዩ ነው የተሰበሰቡት። ልጄ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር ስታገናኝ ጩኸት ሆነ።

“ማዘር፣ ኳሱ ሊጀምር ነው እኮ! የበረዶ ጭፈራ ምን ያደርግልሻል?”

“ልጄ አለችበት።”

ሳቁ። አንዱ፣ ፀጉሩ ላይ ሲሚንቶ ያለበት፣ “ልጅሽ ጀርመን ሆና አንቺ ሳጃና ምን ትሠሪያለሽ? ንገሪያትና ሁላችንንም በበረዶው ላይ ጎትታ ታሻግረን!” አለ።

“አልወለደቻትም” አለች ልጄ። “አዝላ ነው ያሳደገቻት። የወለደችኝን እኔን ጎረቤት ነው ያሳደገኝ።”

ሳቁ ቆመ። ልጄ ግን ገመዱን መሰካቷን አልተወችም፤ ትታም አልሄደችም። ለዚህም ተመስገን።

“እሺ ማዘር፣ ማንን ነው የምንደግፈው?” አለ ባለሲሚንቶው።

ነገርኳቸው። ስለ ክንዷ፣ ስለ ጋዜጣው፣ ሳህን ፊት ተቀምጣ ስለ መነሳቷ። አጭር አድርጌ።

“ከበደችኝ አለ?”

“አለ።”

“ይቺ?” ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶዋን አየ። “ዛሬ ጠዋት ሲሚንቶ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ። ሲሚንቶ አይስቅልህ፣ ሽቶ አይቀባ። ወላሂ እኔ ብሆን ይቺን ይዤ ገዳሪፍ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ!”

“አንተን ማን ያስይዝሃል” አለው ጓደኛው፤ “እጅህ ሸካራ ነው፣ ልብሷን ትቀድባታለህ።”

“ያላ፣ ኳሱ ይቅር! የጋዜጣውን ሰውዬ እንየው።”

እሱ ቀድሞ ወጣ። ጥቁር ልብስ ለብሷል፤ አምሮበታል፣ ይህንንም አልክድም። ቤቱ በሙሉ ጠላው። ያን ያህል ሰው ከእኔ ጋር ሲጠላ ስሰማ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ሞቀኝ።

መጀመሪያ ትንሿን ወደ ላይ ወረወራት። ዓይኔን ጨፈንኩ። “ያዛት” አለች ልጄ። ከፈትኩ። ከዚያ ተለያዩ። ጎን ለጎን ሆነው፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ መንሸራተት ጀመሩ። ልጄ ክንዴን ያዘች።

“ዩማ፣ ይሄ ነው።”

ዘለሉ። ትንሿ በእግሯ አረፈች። እሱ በመቀመጫው።

ቡና ቤቱ ሊፈርስ ሆነ። ወንበር ወደቀ። ባለሲሚንቶው “ከበደው! በረዶው ከበደው!” እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል። እኔ አንድ እልልታ አመለጠኝ። አንድ ብቻ። ወዲያው ግን አቋረጥኩት፤ ሰውየው ተነስቶ መንሸራተት ቀጥሎ ነበርና። ትንሿ ፍጥነቷን ቀንሳ ጠበቀችው። እጁን ያዘችው። ገና ማንሳቱ አልመጣም ነበር።

ይህን አላሰብኩትም። የወደቀ ሰው፣ እጁ በረዶ የነካ፣ ልቡ የደነገጠ፣ አሁን ያቺን ልጅ ከራሱ በላይ ሊያነሳት ነው። የወደቀው እኔ ስለ ለመንኩ ነው። ሲያነሳት ክንዱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ወይም የመሰለኝ ነው።

“እጁን አጽናለት” አልኩ። ጮክ ብዬ።

“ማዘር፣ የማን ደጋፊ ነሽ?” አለ አንዱ።

“ዝም በል አንተ” አልኩት። “አጽናለት፣ አጽናለት፣ አጽናለት።” ለጠላቴ ክንድ ጸለይኩ። ለእሱ ብዬ አይደለም። ትንሿ መሬት እስክትረግጥ ድረስ ብቻ። ስትረግጥ አቆምኩ።

የእኔ ልጅ ተራ ደረሰ። ስትወጣ ልጆቹ በሙሉ ቆሙ። ዝምተኛው እጇን ይዞ ወደ ኋላ እየሄደ ሲጎትታት ዓይኔ ፈዘዘ፤ አያያዙን አውቀዋለሁ። ዘለሉ፣ ቆሙ። ወረወራት፤ ስታርፍ ተንገዳገደች፣ አልወደቀችም። ከዚያ አነሳት። ከፍ፣ ከፍ አለች፤ አንድ እጇን ለቀቀች።

መብራት ጠፋ።

ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ። አየር ማቀዝቀዣው ዝም አለ። ልጄ ከላይ ሳለች።

የወለድኳት ልጄ ስልኩን ነቅላ በጣቷ ትመታዋለች፤ ኔትወርኩ ይዞራል፣ ይዞራል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስለምን የኖርኩት እሱ እንዲወድቅ ነው። ለእሷ መቆም በቅጡ አልለመንኩም። ስለቴ በሙሉ በእሱ ላይ አልቋል።

“ቆማለች!” ብላ ጮኸች ልጄ። “ዩማ፣ ቆማለች፣ እጅ እየነሳች ነው!”

ሁሉም በአንድ ስልክ ላይ ተደፋ። እኔ አላየሁም፤ በእነሱ ጀርባ መሀል መግባት አልቻልኩም። ነጥቡ ሲወጣ የሰማሁት ከጩኸታቸው ነው። የእኔ ልጅ በላይ ሆነች። ባለሲሚንቶው ግንባሬን ሳመኝ፤ አቧራው ፊቴ ላይ ቀረ።

ቆይታ ልጅቷ ደወለች። አንገቷ ላይ ፎጣ አለ፤ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

“እማ፣ እንሄዳለን! እኛ ነን የምንሄደው!”

“ተመስገን። እሱን አየሁት።”

“አዎ፣ ወደቀ።” ድምጿ ቀነሰ። “ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። እጁ ቆስሏል።”

“አንቺስ ምን አልሽው?”

“እጁን ያዝኩት።”

“ለምን?”

“እማ፣ ወድቆ ነበር እኮ።”

እንዲህ ያለ ልብ ከእኔ አልወሰደችም። ከማዳም ይሆናል። እሷ ይቅር ካለች እኔ ምን አገባኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ጄሶውን ያየሁት እኔ ነኝ። የሾለውን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ። በእሷ ፈንታ የምቀየም አንድ ሰው ያስፈልጋታል ብዬ አሰብኩ።

ጃንጥላውን አስገባሁ። የንስሐ አባቴ ምን ጉዳይ ተፈጽሞልኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ዝላዩንም ጭምር። ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ የሚስቁ መስሎኝ ነበር፣ አላውቅም።

“ልጄ፣ ሊቀ መላእክትን ዝላይ አስመርጠሽ ነው?”

“ትንሿ እንዳትጎዳ ነው፣ አባቴ።”

“ጃንጥላውስ ይግባ፤ ፀሐይ ነው። ከእንግዲህ ግን እንዲህ ያለ ስለት የለም። ስገጂ።” ቀኖና ሰጡኝ።

ሰገድኩ። በደስታ ሰገድኩ። ጉልበቴ መሬቱን ሲነካ አመሰግን ነበር፤ ስነሳም አመሰግን ነበር። የመውደቁን ዋጋ እየከፈልኩ መሰለኝ፤ ቢጨምሩብኝም አልጠላም ነበር። ጨርሼ ስመለስ ጠየቁኝ።

“ሰውየውን ይቅር አልሽው?”

“ገና ነኝ፣ አባቴ።”

“እንግዲያው ስግደቱን ጨምሪ። ይበቃሻል እስክልሽ ድረስ።”

ጨመርኩ። በሄድኩ ቁጥር ይጠይቁኛል፣ ገና ነኝ እላለሁ፣ ጨምሪ ይሉኛል። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሁላችንንም በተነን። ልጄና እኔ በሕይወት ወጣን፤ ሐጅ ዩሱፍም ተመልሰናል፤ ተመስገን። የንስሐ አባቴ ግን የት እንዳሉ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ይበቃሻል የሚለኝ ሰው የለም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አሁንም እሰግዳለሁ።